እፍረቷን ቤት ትታ የምትወጣው ውባንቺ

በየሰፈሩ አንዲት አትጠፋም። ልጇ ትምህርት ሲጨርስ እሷ ሥራ ፍለጋ የምትጀምር እናት ማለቴ ነው። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሲያወራ፣ እሷ ዶክመንቱን በፕላስቲክ ክላሰር ከታ፣ ክላሰሩን ከነጠላዋ ሥር ሸጉጣ የቢሮ በር ታንኳኳለች። ዘበኛ ከፊት ሲመልሳት በጓሮ ትገባለች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ሲሏት፣ ስብሰባው እስኪያልቅ ደጃፉ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። እንዲህ ያለች እናት የሌለችበት ሰፈር ካለ፣ የዚያ ሰፈር ልጆች እስከ ዛሬ ሥራ አላገኙም ማለት ነው።

የላሊበላዋ ክብርት ወይዘሮ ውባንቺ ትባል ነበር። ከእሷ ጋር በአንድ የቅንጭብ አጥር ተለያይታ የምትኖረው ገለቴ ነበረች። ነገሩ የውባንቺ ነው፤ ያየችው ግን ገለቴ ናት። የገለቴ ዓይን ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ በቅናት የቀላ ነበር።

ዘመኑ በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፣ ሚሌኒየሙ የተከበረ ማግሥት። ባጃጅ ገና ለከተማው ብርቅ ነበረች። ተራራው ይከለል፣ እርከን ይሠራ፣ ችግኝ ይተከል ተብሎ አገሩ ሁሉ ዶማና አካፋ ያነሳበት ጊዜ ነበር። የገለቴ ልጅ እየሩስና የውባንቺ ልጅ ምስጋኑ በአንድ ዓመት ግብርና ኮሌጅ ገቡ፤ ሁለቱም የተፈጥሮ ሀብት የሚባለውን ትምህርት ያዙ። እየሩስ የያዘችው ጎርፍ በየክረምቱ ከማሳቸው ጥግ እየቆረሰ ሲወስድ እያየች ስላደገች ነው። ምስጋኑ የያዘው ግን እናቱ «ከእንግዲህ ወዲያ እንጀራ ያለው በዛፍ ላይ ነው» ብላ ስለወሰነች ነው። ለዚያውም ልክ ነበረች። ገለቴን ያንገበገባት ይኸው ልክ መሆኗ ነው።

ውባንቺ ፊደል አልቆጠረችም። ይሁን እንጂ በሥራ ማስታወቂያ የሚስተካከላት ሊቅ በላስታ አልነበረም። ሰኞና ሐሙስ ማልዳ ወደ ወረዳው ትወርዳለች፣ ሰሌዳው ፊት ነጠላዋን አመሳቅላ ትቆማለች፣ ያገኘችውን ተማሪ «እስቲ ልጄ፣ ይቺን ከራሷ እስከ እግሯ አንብብልኝ» ትላለች። አንዴ የሰማችውን አትረሳም። ቤቷ ስትመለስ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ለገለቴ ታወርድላታለች።

«ተፈላጊ ችሎታ፣ በተፈጥሮ ሀብት ዲፕሎማ። ብዛት፣ አንድ። ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ ይዞ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ። ሰማሽ ወይ ገለቴ? የማይመለስ ነው ያለው፤ ዋናውን ለማንም እንዳትሰጪ!»

አንድ ጊዜ ፈረንጆች ሰሌዳው ፊት አንገቷን ደፍታ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አይተዋት፣ የምትጸልይ መስሏቸው አስጎብኚያቸውን «ጫማ እናውልቅ ወይ?» ብለው ጠየቁት አሉ። ፎቶም አንስተዋታል። ገለቴ ይህን ስትሰማ እሷን ማንም ፎቶ እንዳላነሳት ትዝ አላት።

ኃላፊዎቹማ በስሟ ያውቋታል። አንዱ አንድ ቀን መሮት «እትዬ፣ ልጅዎ ለምን ራሱ አይመጣም?» ቢላት፣

«እሱማ ያፍራል፣ ጌታው። እኔ እፍረቴን ቤት ትቼው ነው የመጣሁ» አለችው። ይቺን ቃል ከዚያ ወዲያ ከአፏ አልለየቻትም። በር ላይ ሲያስቆሟት ትላታለች፣ ሰልፍ አቋርጣ ስትገባ ትላታለች፣ ቀበሌ ሄዳ የሰው ወንበር ላይ ስትቀመጥም ትላታለች።

የሆቴሉን ስብሰባ ያየ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። አንድ ድርጅት የአፈር መሸርሸርን ነገር እንመካከር ብሎ ሰው ጠራ። ገለቴ ከቀበሌው ሴቶች ተመርጣ የጥሪ ወረቀት ደርሷታል። ውባንቺን የጠራት የለም። ገለቴ ወረቀቷን ይዛ ከኋላ ወንበር ስትቀመጥ፣ ያልተጠራችው ከፊት፣ ከፈረንጁ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሥዕል ሲያሳዩ አየች፣ ምሳ ሲመጣ በላች፣ ጥያቄ ያለው ሲባል እጇን አወጣች።

«አፈሩ እንደሚሄድ ነገራችሁን። እሱን እናውቀዋለን፤ የሚሄደው ከእኛው ማሳ ነው። እኔ የምጠይቃችሁ፣ አፈሩን ይዞ የሚያስቀር ልጅ አስተምሬያለሁ። ለልምምድ የምትወስዱት መቼ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፈረንጁ ሲተረጎምለት ግን አልሳቀም፤ ተነስቶ አጨበጨበ። ውባንቺ ዛፍ የተሣለበት ኮፍያ ተሸልማ ወጣች። ገለቴ የጥሪ ወረቀቷን ይዛ ገብታ የጥሪ ወረቀቷን ይዛ ወጣች።

ገለቴ ሰነፍ አልነበረችም። ይሉኝታ ነው የገደላት። እየሩስ ከምስጋኑ በትምህርት ትበልጣለች፤ ይህን መምህሮቿም ይመሰክራሉ። እናቲቱ ታዲያ «ጎበዝ ከሆነች ይጠሯታል፤ ሰው ፊት ቆሞ ልጄን ውሰዱልኝ ማለት ነውር ነው» ትላለች። ባሏ አረጋ አንዳንዴ ይነካካታል።

«ይጠሯታል ትያለሽ። በምን ይጠሯታል፣ በመለከት?»

«አንተ ዝም በል። እንደዚያች ሴት እንድሆንልህ ነው?»

«አንቺ በዚያች ሴት ስትቀኚ ልጅቷን ዓመት እንዳያልፋት ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ገለቴ ትደነግጣለች። ዓመት ማለፍ ምን እንደሆነ ታውቃለችና። ትልቋ ልጇ ከዚህ በፊት «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብላ ከትምህርት ቀርታ ነበር። ዛሬ ሦስት ወልዳለች፤ ደብተሮቿ ጣራ ሥር ናቸው።

እናም ልጆቹ ሦስተኛ ዓመት በደረሱበት ዓመት ኮሌጁ ለተማሪዎቹ ደብዳቤ ሰጥቶ አሰናበታቸው። የሁለት ወር የተግባር ልምምድ የሚቀበላችሁን መሥሪያ ቤት ራሳችሁ ፈልጉ፤ የተቀበላችሁን መሥሪያ ቤት ማኅተም እስከ ሰኔ ላሊበላ አምጡ፤ ያላመጣ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆያል አለ። ሰኔ አሥራ ሁለት፣ ጻድቁ የሚነግሡበት ቀን ማለት ነው። የወረዳው ቦታ በሌላ ተያዘ። የቀረው ከከተማ ወጣ ብሎ በገነተ ማርያም መንገድ ያለው የችግኝ ጣቢያ ነበር። ለአንድ ተማሪ ብቻ። የማስታወቂያው መጨረሻ ደግሞ «የሥራ ልምድ ያለው ቅድሚያ ይሰጠዋል» ይላል።

ሰሌዳው ፊት የተሰበሰቡት ተማሪዎች ሳቁ። ለልምምድ የሚሄድ ልጅ የሥራ ልምድ ከየት ያመጣል? ውባንቺ ብቻ አልሳቀችም። ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥታ ወደ ደብሩ ወጣች።

ለምን ደብር እንደወጣች ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በዚያው ዓመት ለገና በዓል፣ ውባንቺ አንድ ቢሮ ለመግባት ስትል «የኃላፊው አክስት ነኝ፣ ላሊበላን!» ብላ ለዘበኛ በሐሰት ምላ ነበር። ምላ ገባች፤ ግን ኅሊናዋ አላስተኛት አለና ለንስሐ አባቷ ለመምሬ ወልደ ኪዳን ተናዘዘች። መምሬ አስበው አስበው ቀኖና ሰጧት። በሚሌኒየሙ ደብሩ ግቢ ውስጥ የተተከሉትን ጽድና ወይራ፣ ክረምት እስኪገባ በየጠዋቱ ውሃ እንድታጠጣ። ቀኖና በካህኑና በተነሳሒው መካከል የሚቀር ምስጢር ነው። ውባንቺ ምስጢር የሚያስቀምጥ አፍ አልፈጠረባትም። በየጠዋቱ በጀርባዋ ጀሪካን አዝላ በገለቴ ደጅ ስታልፍ «ንስሐዬን ተሸክሜያለሁና መንገድ ልቀቂልኝ ገለቴ!» ትላለች። ገለቴ በልቧ «ይቺ ሴት ኃጢአቷን እንኳ አደባባይ ታወጣዋለች» እያለች መንገድ ትለቅላታለች። አምስት ወር ሙሉ።

እና ውባንቺ ያን ቀን ደብር ወጥታ መምሬን ምን ብትላቸው ጥሩ ነው?

«መምሬ፣ የሥራ ልምድ ይጻፍልኝ።»

«የምን ሥራ፣ ልጄ?»

«ያጠጣሁት ችግኝ።»

መምሬ አማተቡ። «አበስኩ ገበርኩ! ቀኖና እኮ ነው! ቀኖና የሥራ ልምድ ይሆናል እንዴ?»

«ለእግዚአብሔር አይደል የሠራሁ? ከእሱ የሚበልጥ ቀጣሪ አለ ይሉኛል?»

መምሬ በእሷ ስም ቢሆንማ ምናልባት እሺ ይሏት ነበር፤ እሷ ግን «በምስጋኑ ስም ይሁንልኝ፤ ሥጋዬ ነው» ስትል እንቢ አሉ። ታዲያ እሷ በአንድ በር ተመልሳ ታውቃለች? የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ዘንድ ሄደች፤ ሦስት ቀን ደጁ ላይ ጥጥ ፈተለች። በአራተኛው ቀን ሰውየው ጻፈላት፤ ተማሪ ምስጋኑ የደብሩን ችግኝ ለአምስት ወራት በማጠጣት በትጋት ማገልገሉን እናረጋግጣለን፣ ማኅተም። ይህንንም እንደ ወትሮዋ በአጥሩ ላይ ለገለቴ አወረደችላት።

ገለቴ ያን ዕለት ምሳ አልወረደላትም። ማን እንዳጠጣ እሷ ታውቃለች! ያን ጀሪካን ጠዋት ጠዋት በዓይኗ ስትሸኘው አምስት ወር ሆኗታል። በሐሰት በመማሏ የተቀጣችው ሴት፣ በቅጣቷ ሌላ ሐሰት አጽፋበት እየሩስ ራሷ ወረቀት ያስገባችበትን ቦታ ልትወስድ! ከሁሉ ከሁሉ ያመማት ደግሞ፣ እሷ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ እንኳ አለመቻሏ ነው።

ሰኔ ዘጠኝ ቀን፣ ገለቴ አረጋን «የልጅቷን ወረቀት ልጠይቅ» ብላ በገነተ ማርያም መንገድ ወጣች። ልታጋልጣት ነው የሄደች። ሁለት ሰዓት በእግሯ ስትጓዝ የምትለውን ቃል እያጠናች ነበር።

ጣቢያው ደርሳ ስትገባ፣ ችግኝ በየትንንሽ ፕላስቲኩ ተኮልኩሎ፣ ዳስ ሥር አቶ ቢሆነኝ የሚባለው ኃላፊ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። ፊቱ የተደፋ ባልዲ ላይ፣ እንደ ቤቷ ተመቻችታ፣ ውባንቺ!

«አንቺ የእየሩስ እናት! ምን እግር ጣለሽ?» አለች ውባንቺ። ፊቷ በደስታ በራ፤ እውነተኛ ደስታ ነበር። ገለቴን ይህም አሳመማት።

አቶ ቢሆነኝ የሁለቱን ልጆች ወረቀት ጎን ለጎን አድርጓል። «እናንተ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናችሁ መሰለኝ፤ ጥሩ አጋጣሚ ነው። በውጤት የእርስዎ ልጅ እየሩስ ትበልጣለች፣ እናቴ። ይህኛው ደግሞ ማኅተም ያለው ልምድ አምጥቷል። እርስዎ ጎረቤት ነዎት፤ ልጁ ችግኝ ሲያጠጣ አይተዋል?»

ገለቴ ውባንቺን አየቻት። ውባንቺ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። እዚያች ባልዲ ላይ ያለችው ሴት ሌላ ሴት መሰለቻት፤ ትንሽ፣ የደከማት፣ ጀርባዋን ጀሪካን የላጣት።

«ችግኙስ ጠጥቷል» አለች ገለቴ።

«ማን አጠጣው ነው የምልዎት።»

ገለቴ ትልቋ ልጇ ትዝ አለቻት። ጣራ ሥር ያሉት ደብተሮች ትዝ አሏት።

«እሷ ናት። አምስት ወር ሙሉ በደጄ ተመላልሳለች። ልጁን አንድ እሁድ ብቻ አይቼዋለሁ፤ እሱም ግማሹን መንገድ ላይ ደፍቶታል።»

«እውነቷን ነው» አለች ውባንቺ። «ልጄ ያፍራል። ጀሪካን ይዤ ጓደኛ ቢያየኝ ይላል። የሱን እፍረት እኔ መሸከም አልቻልኩምና በደብዳቤ ልሸፍንለት አልኩ። ጥፋቴ ነው።»

አቶ ቢሆነኝ ደብዳቤውን ገለል አደረገው። ተቆጥቷል። ከዚያ ደግሞ ቁጣው መሃል ላይ አንድ ነገር ትዝ ያለው ይመስል ቀና አለ።

«ስንት ነበር ችግኙ?»

«መቶ ሃያ።»

«ስንቱ ጸደቀ?»

«መቶ አሥራ አራቱ። አምስቱን ምስጥ በላቸው፤ አንዷን የቄሱ ፍየል።»

ሰውየው ተነስቶ ቆመ። በአገሩ በዘመቻ ከተተከለው በዓመቱ ግማሹን በሕይወት ያገኘ ሰው ይሸለም ነበር። «በምን ዘዴ?» አላት።

ውባንቺ መጀመሪያ ፈራ ተባ አለች፤ የልጇ ያልሆነ ነገር ተጠይቃ አታውቅማ። ከዚያ ተናገረች። ባዶ ጣሳ ቂጡን በምስማር በስታ ከየችግኙ ሥር ቀብራው፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ቀኑን ሙሉ እንደሚያጠጣ። ለምስጡ አመድ በዙሪያው እንደምትነሰንስ፤ አምስቱን ያጣቻቸው አመዱን ሳታውቅ በፊት እንደሆነ። ለፍየሉ ሾህ፣ ለፀሐዩ በምዕራብ በኩል ድንጋይ። ጽዱ ውሃ ሲበዛበት እንደሚያኮርፍ፣ ወይራው ግን እንደማይጠግብ። አቶ ቢሆነኝ ወረቀት ስቦ ይጽፍ ጀመር። ገለቴ አጠገቧ ቆማ ታያለች። በሐሰት ተይዛ እንኳ ያሸነፈች ሴት በዓይኗ አየች።

«ወይዘሮ ውባንቺ፣» አለ መጨረሻ ላይ፣ «ለልጅዎ ቦታ የለኝም። በሰው ሥራ አይገባም። ለእርስዎ ግን አለኝ። ከነገ ጀምሮ ችግኙን የሚንከባከቡልኝ እርስዎ ነዎት።» ወደ ገለቴ ዞረ። «እየሩስንም ይላኩልኝ። ከእሳቸው ጋር ትሠራለች። ከእሳቸው ትማር።»

ከእሳቸው ትማር! ገለቴ የልጇን ወረቀት ከነማኅተሙ ተቀብላ ደስታውን ልትቀምሰው ስትል፣ ይቺ ቃል አመረረችባት።

ወደ ቤት አብረው ተመለሱ። መንገዱ እኩሌታ ድረስ ውባንቺ ወደ ኋላ ሳትዞር ፊት ፊት ሄደች። ለገለቴ ከስድብ የባሰ ሆነባት።

«ይቅር በይኝ» አለች ገለቴ በመጨረሻ።

«ለምኑ? ጎሽ ነው የሚባለው እንጂ! አሥራ ስምንት ዓመት ጎረቤቴ ነሽ፤ ለልጅሽ አፍሽን ስትከፍቺ ገና ዛሬ አየሁ። አብርሃም፣ ይስሐቅ፣ ያዕቆብ! ድምፅሽ እንዲህ ያምራል ለካ!»

ሳቀች። ሳቋ ግን መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ምስጋኑን ምን እለዋለሁ፣ ገለቴ? ሦስት ቀን ነው የቀረው። በር ሁሉ አንኳኩቼ ጨረስኩ። ከነገ ጀምሮ እኔ ራሴ ሥራ ነኝ፤ ማን ይሄድለታል?»

ገለቴ ውባንቺ ስትፈራ አይታ አታውቅም። በዚያች ሴት ሁሉ ነገር ቀንታለች፤ በአፏ፣ በእግሯ፣ በኮፍያዋ፣ ያንን ፍርሃት ግን ማየት አልቻለችም።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ ለማንም ሳትናገር ወጣች። በይምርሐነ ክርስቶስ በኩል የደኑ ጥበቃ ኃላፊ ተክለ ሚካኤል የአረጋ የአጎት ልጅ ነው። ይህን ለእየሩስ እንኳ ነግራት አታውቅም፤ ዘመድ ዘንድ ሄዶ መለመን ከሞት ይከብዳት ነበርና። ያን ሁሉ ዳገት ለገዛ ልጇ አልወጣችውም። ለሰው ልጅ ወጣችው።

ተክለ ሚካኤል በአክብሮት ተቀብሎ አስቀመጣት። ልምምድ ለእየሩስ መስሎት ነበር። ለምስጋኑ ነው ስትለው ተገረመ፤ ቢሆንም ሁለት ተማሪ መውሰድ ይችል ነበርና እስክሪብቶ አወጣ።

«ወረቀቱን አምጪ።»

ገለቴ በቀኝ እጇ ራሷን መታች። ለውባንቺ ሳትነግር የወጣች ሴት ወረቀቱን ከየት ታመጣለች?

«እንግዲያስ የምታውቂውን ንገሪኝና ሌላውን በኋላ ያሟላል። ሙሉ ስም?»

«ምስጋኑ ደሳለ ወርቁ። የተፈጥሮ ሀብት፣ ሦስተኛ ዓመት። የመታወቂያው ቁጥር መጨረሻው ሰባ አራት ነው። ውጤቱ ሦስት ነጥብ አንድ፤ መጀመሪያ ዓመት የአፈር ትምህርት ጎትቶት ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ አሻሽሏል። ካርታ ማንሳት ይወዳል። ሰው ፊት ያፍራል፤ ለብቻው ካሠራኸው ግን ይሠራል። ጠዋት ቶሎ አይነሳም፣ አስነሱት። ቦት ጫማ የምትሰጡ ከሆነ ቁጥሩ አርባ አንድ ነው። እንቁላል አይስማማውም።»

ተክለ ሚካኤል፣ ውባንቺ በአጥሩ ላይ ለገለቴ ስታወርደው የኖረችውን ሁሉ ጽፎ ጨረሰ፣ ማኅተሙን አሳረፈና ወረቀቱን በእጁ እንደያዘ አያት።

«እየሩስን እንኳ እንዲህ የምታውቂያት አይመስለኝም። ይህ ልጅ ምንሽ ነው?»

ገለቴ ጎረቤቴ ልትል ፈልጋ ቃሉ አነሰባት።

«የቀናሁባት እናት ልጅ ነው» አለች ወረቀቱን እየተቀበለች። «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ። አሁን ደግሞ እሷም ልጇም ሥራ ያዙ፤ ከዛሬ ወዲያ እንዴት አድርጌ እንደምችላት እንጃ።»